ሞተሩ የሰው፣ ቀለሙም የሰው

ከፍኖተ ሰላም የደረሰኝን ጥያቄ ትንሽ አሳጥሬ ላስቀድም።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው አጎቴ ጋራዥ ነው። ግድግዳው ላይ የቆየ የውድድር መኪና ሥዕል ተለጥፏል። ቢጫ ነው። አፍንጫው ላይ ተርብ ተሥሎበታል። ጆርዳን የሚል ጽሑፍ አለው። ቁጥሩ ያለበት በኩል ተቀዷል። አጎቴ ‹ይሄ ፌራሪን ያሸነፈ ነው› ይለኛል። አሁን ፎርሙላ ዋን ስከታተል ግን ጆርዳን የሚባል ቡድን የለም። የት ገባ? ያሸነፈ ቡድን እንዴት ይጠፋል? ደግሞስ መኪናውን ራሳቸው ከሠሩ ሞተሩን ለምን አልሠሩም?»

ደህና ነኝ ወንድምዓለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አጎትህን ሰላም በልልኝ። የነገረህ እውነት ነው።

መጀመሪያ አጭሩን ልንገርህ። ጆርዳን አልጠፋም። ተሸጠ፣ ተቀባ፣ እንደገና ተሸጠ፣ እንደገና ተቀባ። ዛሬ አረንጓዴ ለብሶ አስተን ማርቲን ተብሎ የሚሮጠው እሱ ነው። አንተ የጋራዥ ልጅ ነህ፣ ይሄ አይከብድህም። ታርጋው ተቀይሯል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም አምስት ጊዜ ተቀይሯል። ሻንሲ ቁጥሩ ግን ያው ነው።

ረጅሙ መልስ ያለው ሦስተኛው ጥያቄህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቡድን ሽንፈት የገደለው ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ የባለቤቱን ጭፈራና ጀልባ ያነሣል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ጆርዳንን የበላው ሞተሩ የራሱ አለመሆኑ ነው። እንዲያውም 15 ዓመት መቆየቱ ነው የሚገርመኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ፤ በእኛ ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

ኤዲ ጆርዳን የደብሊን ልጅ ነው፣ አየርላንዳዊ። በ1948 ተወልዶ በ2025 በ76 ዓመቱ አረፈ። ሥራ የጀመረው ባንክ ቤት ነው። ከዚያ ራሱ ውድድር ነዳ። ጎበዝ ነበር፣ ግን ከመንዳት ይልቅ የሚነዳ ሰውና የሚከፍል ሰው ማገናኘት ይቀናው ነበር። እኔ ብጠየቅ ግማሽ የእሽቅድድም አዋቂ፣ ግማሽ ደላላ እለዋለሁ። ስድብ አይደለም። በታችኞቹ ውድድሮች ቡድን መሠረተ። በ1987 ጆኒ ኸርበርትን ይዞ የእንግሊዝን ፎርሙላ ሦስት ወሰደ። በ1989 ዣን አሌሲን ይዞ ፎርሙላ 3000ን ወሰደ። ኸርበርት የሚለውን ስም ያዝልኝ፣ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

በ1991 ወደ ፎርሙላ ዋን ገባ። መኪናውን የሠራለት ጋሪ አንደርሰን ነው። ይህ ሰው ከመካኒክነት ተነሥቶ ዲዛይነር የሆነ ነው፤ ይሄን ሆን ብዬ ነው የምጠቅስልህ። ከሁለት ወጣት መሐንዲሶች ጋር ሆኖ የሠራው መኪና እስከ ዛሬ ከሚያምሩት ይቆጠራል። ያኔ ቢጫ አልነበረም። የሰቨን አፕ ገንዘብ ስለነበረበት አረንጓዴ ነበር። ሞተሩ ኮስዎርዝ የሚሠራው የፎርድ ሞተር ነው። በገንዘብ የተገዛ።

ያኔ አዲስ ገቢ ቡድን ዓርብ በጠዋት ተነሥቶ ማጣሪያ ለመግባት ራሱ ማጣሪያ ይሮጥ ነበር። ያን ያላለፈ ዕቃውን ጭኖ ወደ ቤቱ ነው። ጆርዳን ግማሹን ዓመት እንዲህ ተሰልፎ፣ በመጨረሻ 13 ነጥብ ይዞ አምስተኛ ወጣ። ከፊቱ የነበሩት ማክላረን፣ ዊሊያምስ፣ ፌራሪና ቤኔቶን ናቸው። ለጀማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዚያው ዓመት የሆነውን አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። ከሾፌሮቹ አንዱ ቤርትራንድ ጋሾ ለንደን ላይ ከታክሲ ሾፌር ጋር ተጣልቶ አስለቃሽ ጋዝ ረጨበት። ነሐሴ ላይ ታሰረ። በታክሲ ሾፌር ምክንያት ታሪክ ሲቀየር ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። መቀመጫው ክፍት ሆነ። መርሴዲስ ገንዘብ ከፍሎ አንድ ጀርመናዊ ወጣት አስቀመጠበት። ሚካኤል ሹማከር ይባላል።

ውድድሩ ቤልጂየም፣ ስፓ ላይ ነበር። ልጁ ስፓ ላይ ተወዳድሮ አያውቅም። መንገዱን ያጠናው በብስክሌት ዞሮ ነው። እኛ ባሕር ዳሮች ይሄን ስንሰማ ደስ ይለናል። በማጣሪያው ሰባተኛ ወጣ። እሁድ ሲነሡ ግን አንድ ዙር እንኳ አልጨረሰም፣ ፍሪሲዮኑ ሄደ። የሄደ ፍሪሲዮን ምን እንደሚሸት አንተ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጡትን መኪኖች ታውቃለህ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞንዛ ላይ ሹማከር የቤኔቶን ሾፌር ሆኖ ተገኘ። ጆርዳን በእጁ የነበረው ወረቀት የመጨረሻ ውል አልነበረም። ፍርድ ቤትም አላዳነው። ወረቀት የሚለውን ነገርም ያዝልኝ።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ሲታይ ስኬቱ በዕዳ የተገዛ ነበር። ለሞተር የሚከፈለው ገንዘብ ተጠራቅሞ ነበር። በዚህ መሃል ያማሃ መጣና «ሞተር በነፃ ልስጥህ» አለው። ጆርዳን ወሰደ። አንተም ብትሆን ትወስዳለህ። በ1992 ቡድኑ ያገኘው ነጥብ ስንት መሰለህ? አንድ። ከ13 ወደ 1።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ።

ሞተሩን ለምን አልሠሩም? አንድ ነገር ላነጻጽርልህ። ሃይስ ላይ ያለው 5ኤል ሞተር ስንት ሲሲ ነው? 2,986። ሦስት ሊትር ማለት ነው። በግድግዳህ ላይ ያለው መኪና ሞተርም ሦስት ሊትር ነው! ልዩነቱን እይ። 5ኤል አራት ፒስተን አለው፣ 100 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ይሰጣል፣ ትልቁ ጉልበቱ በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ነው። የዚያ ዘመን የውድድር ሞተር አሥር ፒስተን አለው፣ ከ700 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጣል፣ 16,000 ዙር አካባቢ ይዞራል። በአንድ ሰከንድ ከ260 ጊዜ በላይ። አንድ ፒስተን በዚህ ፍጥነት ወጥቶ ሲመለስ ብረቱ ራሱ ይለጠጣል። ይህን ሞተር ለመሥራት ብረት ማቅለጫ፣ የብረት ጠበብትና ሌት ተቀን የሚሠራ መፈተሻ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አንድ ሁለት ሠርተህ አያበቃም። እስከ 2003 ድረስ በአንድ ውድድር ቅዳሜና እሁድ ብዙ ሞተር መቀየር ይፈቀድ ነበር። ሀብታሞቹ ለማጣሪያ ሌላ፣ ለእሁድ ሌላ ይጭናሉ። ሻንሲውን ጎበዝ መሐንዲስ፣ ጥሩ የካርቦን ፋይበር ሠራተኛና የነፋስ መፈተሻ ያለው ሰው ይሠራዋል። ሞተር ግን የፋብሪካ ሥራ ነው። ፌራሪ ሁለቱንም ራሱ ይሠራል። የግል ቡድን ሻንሲውን ሠርቶ ሞተር ፍለጋ ይወጣል።

ጎጃም ያደግህ ነህና መቀናጆን አላስረዳህም። ለሌላው አንባቢ ግን፦ አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ የሁለቱም ማሳ ተራ በተራ ይታረሳል። የግል ቡድን ማለት ባለ አንድ በሬ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ ገብቶ ባለ በሬው ሐሳቡን ከቀየረ ማሳህ ጦሙን ያድራል።

ይሄን በራሴ ቀምሼዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዝተን ከባሕር ዳር ዳንግላ እናሠራ ነበር። ሞተሩ ጨረሰ። አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ያገለገለ ሞተር በዱቤ ሰጠን። ወረቀት የለም፣ ቃል ብቻ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው አገኘና «ሞተሬን አምጡ» አለን። ጥቅምት ነው፣ ሥራው የደራበት። አወረድነው። ቡሎኑን የፈታሁት እኔው ራሴ ነኝ። ሚኒባሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጆንያ ለብሳ ከረመች። የጎረቤት ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ትጥልባት ጀመር።

የእኛዋ ግን ሌላ ሞተር ስታገኝ ያንኑ ቦታ ላይ ገባላት። የውድድር መኪና እንዲህ አይደለም። ሃይስን ሞተሩን ብታወርደው መኪናው መኪና ሆኖ ይቀመጣል። የፎርሙላ ዋን መኪና ሞተሩ ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል። ሻንሲው የሚያልቀው ከሾፌሩ ጀርባ ሰርባትዮው ላይ ነው። ሞተሩ እዚያ ላይ በጥቂት ቡሎኖች ይታሰራል። ካምቢዮው ሞተሩ ላይ ይታሰራል። የኋላ እግሮቹ ካምቢዮው ላይ። ሞተሩ ራሱ ሻንሲ ነው። ስለዚህ አዲስ ሞተር ማለት አዲስ ካምቢዮ፣ አዲስ ራዲያተር፣ አዲስ የጭስ መውጫ፣ አዲስ የክብደት ሚዛን ነው። ያለፈው ዓመት ዕውቀት ግማሹ ይጣላል። አሁን ቁጠርልኝ። ፎርድ፣ ያማሃ፣ ሃርት፣ ፔጆ፣ ሙገን ሆንዳ፣ ሆንዳ፣ እንደገና ፎርድ፣ በመጨረሻ ቶዮታ። በ15 ዓመት ሰባት ጊዜ ቀይሯል። በሁለት ዓመት አንዴ ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ ከፍ አለ። በሃርት ሞተር ሩበንስ ባሪኬሎ በ1994 የቡድኑን የመጀመሪያ መድረክ አገኘ (ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት የሚቆሙበት ማለት ነው)፣ በዚያው ዓመት ስፓ ላይ ከሁሉም ፊት ተነሣ። የፔጆው ዘመን ጥሩ ነበር። በ1995 ካናዳ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ። ከዚያ ፔጆ ለአገሩ ልጅ አደላና ወደ ፈረንሳዩ ፕሮስት ቡድን ሄደ። ቢጫው የመጣው በ1996 ነው፣ ቤንሰን ኤንድ ሄጅስ ከሚባል የሲጋራ ኩባንያ ገንዘብ ጋር። ርዕሴ ላይ ቀለሙም የሰው ያልኩት ለዚህ ነው። በ1997 አፍንጫው ላይ እባብ ነበር። ተርቡ የመጣው በ1998 ነው።

ነሐሴ 24 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ እሁድ። እኛ ዘንድ የተክለ ሃይማኖት ዕለት ነው። በእነሱ ኦገስት 30፣ 1998። ቦታው አሁንም ስፓ። ዝናቡ ነሐሴ ላይ እንጅባራ የሚወርደው ዓይነት ነበር፣ ከሰማይም ከመሬትም የሚመጣ። እንደተነሡ አንዱ ተሽከረከረ፣ ከኋላ ያሉት በጭጋጉ ውስጥ እየገቡበት መንገዱ በመኪና ስብርባሪ ተዘጋ። ውድድሩ ቆመ። ተጠርጎ እንደገና ተነሡ። ሚካኤል ሹማከር በፌራሪ ሁሉንም ጥሎ እየሄደ ሳለ ዴቪድ ኩልታርድን በዙር ሊደርበው ሲጠጋ በውኃው ጭጋግ አላየውምና ከኋላ ገጨው። የፊት ጎማው ተነቅሎ በሦስት ጎማ ወደ ጋራዥ ተመለሰ። ከመኪናው ወርዶ ሰው ሊደበድብ ሲሮጥ ማየት ነበረብህ።

ፊት የቀረው ማን ነው? የጆርዳኑ ዴመን ሂል። ከኋላው ሌላው የጆርዳን መኪና፣ የሚካኤል ታናሽ ወንድም ራልፍ። ራልፍ ይፈጥን ነበር። ሂል በሬዲዮ «እርስ በርስ ከተሻማን ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ልንቀር እንችላለን» የሚል መልእክት ላከ። ኤዲ ጆርዳን ራልፍን «ባለህበት ቆይ» አለው። ከ22 መኪና መጨረሻ የደረሱት ስምንት ብቻ ናቸው። አንደኛና ሁለተኛው ቢጫ። ሦስተኛው ዣን አሌሲ፣ የ1989 የጆርዳን ልጅ። ስምንት ዓመት ሙሉ ተሞክሮ፣ በ127ኛው ውድድር የመጣ የመጀመሪያ ድል ነው። አጎትህ ፌራሪን ያሸነፈ የሚለው ይህን ይመስለኛል።

በ1999 ሄንዝ ሃራልድ ፍሬንትዘን መጣ። ከዊሊያምስ ፊት ነስተውት የወጣ ጀርመናዊ ነው። ፈረንሳይ ላይ አሸነፈ፣ ሞንዛ ላይ አሸነፈ። ሦስት ውድድር ሲቀር መሪዎቹ ሚካ ሃኪነንና ኤዲ ኧርቫይን እኩል 60 ነጥብ ነበራቸው። ፍሬንትዘን 50። ያኔ አንድ ድል 10 ነጥብ ነው። ቀጣዩ ውድድር ጀርመን፣ ኑርበርግሪንግ። ፍሬንትዘን ከሁሉም ፊት ተነሣ፣ መራ፣ ጎማና ነዳጅ ለመቀየር ገባ፣ ወጣ። ከዚያ መኪናው ጠፋ። ኤሌክትሪክ። ሂልም የመጀመሪያው ዙር ላይ በኤሌክትሪክ ችግር ቆሞ ነበር። ይሄ ሞተር ሳይሆን ሽቦ ነው፣ እዚህ ላይ ለባለ ሞተሩ ልሟገትለት። ያቺን ቀን ቢያሸንፍ 60 ነጥብ ይዞ ዋንጫ ውስጥ ነበር። የግል ቡድን፣ የተገዛ ሳይሆን የተለመነ ሞተር ይዞ!

ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ታውቃለህ? ጆኒ ኸርበርት። ያዝልኝ ያልኩህ። የነዳው የስቱዋርት ቡድንን ነው፤ እሱም የግል ሆኖ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ለፎርድ የተሸጠ። ያ ድል የስቱዋርት ብቸኛ ድል ሆኖ ቀረ። ቡድኑ በማግስቱ ዓመት ጃጓር ተባለ፣ በኋላ ሬድ ቡል ሆነ። አዎ፣ የዛሬው ሬድ ቡል።

ጆርዳን ዓመቱን በ61 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከማክላረንና ከፌራሪ ቀጥሎ። ሥዕሎች የሚታተሙት እንዲህ ባለ ዓመት ነው፣ ያንተም ከዚሁ ሰሞን ይመስለኛል።

መውደቁ የጀመረው ያኔውኑ ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው መጡ። በ2000 ቢኤምደብልዩ ከዊሊያምስ ጋር ገባ፣ ፎርድ በጃጓር ስም ገባ፣ ሬኖ ቤኔቶንን ገዛ፣ ሆንዳ ቢኤአር ከሚባል ቡድን ጋር ተቀናጀ፣ ቶዮታ በ2002 ሊገባ መንገድ ላይ ነበር። ጥንድ በሬ ያላቸው ወደ ማሳው ገቡ ማለት ነው። ጆርዳን በ2001 ከሙገን፣ የሆንዳን የውድድር ሞተር ከሚያዘጋጀው ኩባንያ፣ ወደ ራሱ ወደ ሆንዳ ተሸጋገረ። ሰው ሁሉ ዕድገት ነው አለ። ነገር ግን ሆንዳ ያንኑ ሞተር ለቢኤአርም ይሰጥ ነበር። አንድ በሬ ለሁለት አራሽ። ባለ በሬው ዳር ቆሞ የማን ማሳ ያምራል እያለ ያያል።

ጆርዳን በዚህ ፈተና ወቅት የራሱን ጥፋት አጠፋ። በ2001 አጋማሽ ፍሬንትዘንን አባረረው። ጥቂት ቀን ቀርቶት፣ በገዛ አገሩ በጀርመን ውድድር ዋዜማ። ድል ያመጣልህን ሰው ዘመድ አዝማዱ ሊያየው በተሰበሰበበት ሳምንት ማባረር ምን ይባላል? እኔ ኤዲ ጆርዳንን እወደዋለሁ፣ ይሄን ግን አልፈርድለትም። በ2002 መጨረሻ ሆንዳ ወሰነ። ከቢኤአር ጋር ቀረ።

ሰኔ ላይ በሬ የሄደበት ገበሬ ምን ያደርጋል? ይከራያል። ጆርዳን በ2003 ወደ ፎርድ ኮስዎርዝ ተመለሰ፣ በገንዘብ። 1991 ላይ ወደ ተነሣበት ማለት ነው፣ ያውም ሁሉ ነገር በተወደደ ዘመን። ገንዘቡ የሚመጣበትም መንገድ ጠብቦ ነበር። የሲጋራ ማስታወቂያ በአውሮፓ ሊከለከል ቀኑ እየቀረበ ነው። ቮዳፎን የተባለው የስልክ ኩባንያ ስፖንሰር ሊሆነኝ በቃል ተስማምቶ ወደ ፌራሪ ሄደብኝ ብሎ ጆርዳን ለንደን ላይ ከሰሰ። ወረቀት የለም፣ ቃል ብቻ። እንደ እኛ ሚኒባስ። በመጨረሻ ክሱን አንሥቶ የቮዳፎንን የጠበቃ ወጪ ሊከፍል ተስማማ። ዳኛውም ክሱን መሠረተ ቢስ ብለው ክፉኛ ተቹት። ገንዘብ ሊያመጣ ሄዶ ገንዘብ ከፍሎ ተመለሰ።

በዚሁ በ2003፣ መጋቢት 28 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ አንድ ነገር ሆነ። እኔ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ማታ ነው። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ቤቱ ጭር ብሏል። ኳስ ቢኖር ኖሮ ማንም ጣቢያውን አይቀይርልኝም ነበር። እኔ፣ ባለቤቱና ሳጥኑን ታቅፎ የተቀመጠ አንድ ሊስትሮ ልጅ። ብራዚል፣ ኢንተርላጎስ። አሁንም ዝናብ። አንዱ ጥግ ላይ ውኃው መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል፣ መኪና ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይበራል። ሹማከርም እዚያው ወጣ። የጆርዳኑ ጃንካርሎ ፊዚኬላ ቀስ ብሎ ወጥቶ መሪነቱን ያዘ። ወዲያው ከባድ ግጭት ሆነ፣ ውድድሩ ቆመ። «አሸነፈ!» ብዬ ተነሣሁ። ውጤቱ ሲነገር አሸናፊው ኪሚ ራይኮነን ነው ተባለ። ሕጉ ከቆመበት ሁለት ዙር ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆጠር ስለሚል ነው። ፊዚኬላ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመ። መኪናው ደግሞ እዚያው እንደቆመ እሳት ይዞት ይነድ ነበር። ሊስትሮው «ጋሼ፣ የእርስዎ ተቃጠለ» አለኝ።

ከቀናት በኋላ ፓሪስ ላይ ሰነዱ ሲመረመር ፊዚኬላ 56ኛውን ዙር ጀምሮ እንደነበር ታወቀ። ስለዚህ ሁለት ዙር ወደ ኋላ ሲቆጠር እሱ ነበር መሪው። ድሉ ተመለሰ። ራይኮነን በቀጣዩ ውድድር፣ ኢሞላ ላይ፣ ዋንጫውን በእጁ አስረከበው። የጆርዳን አራተኛና የመጨረሻ ድል እንዲህ ነው የመጣው፤ ያለ መዝሙር፣ ያለ መድረክ። ያን ዓመት ቡድኑ በጠቅላላ 13 ነጥብ አገኘ፣ አሥሩ የዚያች ቀን ነው። ከአሥር ቡድን ዘጠነኛ ወጣ።

በ2004 አምስት ነጥብ። ፎርድም ጃጓርንና ኮስዎርዝን ሸጦ ሊወጣ ተነሣ። ለ2005 የቶዮታ ሞተር ተገኘ። በጃንዋሪ 2005 ኤዲ ጆርዳን ቡድኑን ለአሌክስ ሽናይደር ሚድላንድ ኩባንያ ሸጠ። ዋጋው 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ተብሎ ያኔ ተጽፏል። ስሙ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ። በዚያ ዓመት ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚሽሊን ጎማ የያዙት ሁሉ በጎማ ችግር ሲወጡ ስድስት መኪና ብቻ ተወዳደረ፣ የጆርዳኑ ቲያጎ ሞንቴሮ ሦስተኛ ሆነ። የመጨረሻው መድረክ ያ ነው። ሲደመር 250 ውድድር፣ አራት ድል። ሌላው የግል ቡድን ሚናርዲም በዚያው ዓመት ለሬድ ቡል ተሸጦ ስሙ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በፍጥነት ልውሰድህ። 2006 ሚድላንድ። 2007 ስፓይከር፣ ብርቱካናማ። 2008 ፎርስ ኢንዲያ። በ2009 ፊዚኬላ ራሱ እዚያው ቡድን ውስጥ ተመልሶ ስፓ ላይ ከሁሉም ፊት ተነሣ፣ ሁለተኛ ወጣ። ያ ስፓ የሚሉት ቦታ ከዚህ ቡድን ጋር ምን እንዳለው እንጃ። በ2018 ፎርስ ኢንዲያ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሎረንስ ስትሮልና ባልደረቦቹ ገዙት፣ ሬሲንግ ፖይንት ተባለ። ያ ቡድን በ2020 ባሕሬን ላይ በሰርጂዮ ፔሬዝ አሸነፈ። ከ2021 ጀምሮ አስተን ማርቲን ነው። ስሙ ይህን ያህል ሲቀያየር ቤቱ እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ሲልቨርስተን፣ ከውድድር ሜዳው በር ፊት ለፊት ነው።

ሆንዳ የመረጠው ቢኤአርስ አልክ? ሆንዳ ቡድኑን ጠቅልሎ ገዛው፣ በ2008 መጨረሻ ጥሎት ሄደ። የቡድኑ ኃላፊ ሮስ ብራውን በአንድ ፓውንድ ወስዶት በ2009 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ከዚያ ለመርሴዲስ ሸጠው። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ሆንዳ ሞተር የሚያቀርበው ለማን መሰለህ? ለአስተን ማርቲን። 24 ዓመት ቆይቶ ወደ ተወው ማሳ።

አሁን ወደ ግድግዳህ። ቁጥሩ ከተቀደደ ዓመቱን በጎማው እናውቀዋለን። ያኔ ጎማ ላይ ዙሪያውን የሚዞሩ ጎድጓዳ መስመሮች ነበሩ። የፊት ጎማው ላይ ቁጠር። ሦስት ከሆነ 1998 ነው፣ ጎማው ላይም ጉድይር የሚል ታገኛለህ። አራት ከሆነና ብሪጅስቶን የሚል ካለው 1999 ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ የሾፌሩን የራስ ቁር እይ። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ዙሪያውን ነጭ መቅዘፊያዎች ከተሣሉበት ዴመን ሂል ነው፣ ከአባቱ የወረሰው ነው። ሦስት መስመርና የሂል ቁር ከሆነ አጎትህ የስፓዋን መኪና ነው ግድግዳ ላይ የለጠፈው። ቆጥረህ ጻፍልኝ።